አሮጌውን ጠረጴዛ ማንበብ

(ስለ ጥንታዊ የተቀረጹ የእንጨት ጠረጴዛዎች አሠራር ለምእመናንና ለትምህርተ ክርስቶስ አስተማሪዎች የቀረበ ጥናት)

መግቢያ



ከወልቂጤ ተነሥቶ በእምድብር በኩል ወደ ሆሳዕና የሚያመራውን መንገድ የያዘ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ጉብሬን ያገኛል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ በምትገኝ አንዲት የገጠር ጸሎት ቤት ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ፥ ከተሰባበሩ አግዳሚ ወንበሮች ሥር አንድ ክብ ጠረጴዛ አገኘን። ለአንድ በዓል ተብሎ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቶ ነበር። ከአራቱ እግሮቹ አንዱ ተሰብሮ በባሕር ዛፍ ቁራጭ ተተክቷል። ቀለሙ በተላጠበት ሥፍራ ግን የወይን ሐረግ የመሰለ ቅርጽ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። እኛም በደስታ የመስተዋት ስባሪ ይዘን ቀለሙን መፋቅ ጀመርን። ሥራው ሲያልቅ ቀለሙ በእርግጥ ለቅቆ ነበር፤ ነገር ግን የቅጠሎቹ ጠርዝም አብሮ ለቀቀ። የመስተዋቱን ስባሪ ከያዙት እጆች አንዱ የእኔ ነበር።

በማግሥቱ የተሰበረውን እግር ይጠግኑልን ዘንድ አንድ አረጋዊ እንጨት ሠሪ ጠራን። እርሳቸው ጠረጴዛውን እንደ እኛ ከላይ አላዩትም። ገለበጡትና እግሮቹን ወደ ላይ አቁመው፥ የገጹን ጀርባ በመዳፋቸው ረዘም ላለ ጊዜ ዳሰሱት። ከዚያም «ልጆቼ፥ ይህ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። እግሩን ያወጣው መኪና ነው፤ ቅጠሉን ያወጣው ግን እጅ ነው» አሉን። እኛ ለዓመታት ስናየው የኖርነውን ዕቃ እርሳቸው በጥቂት ደቂቃ አነበቡት።

ቡና ሲቀርብ ግን እኒያ አረጋዊ ስኒያቸውን ይዘው ከበሩ ውጭ ተቀመጡ። ውጡ ያላቸው ሰው አልነበረም፤ ግቡ ያላቸውም አልነበረም። ወደዚህ ነገር በኋላ እንመለሳለን። አስቀድመን ግን አሮጌ የተቀረጸ ጠረጴዛ እንዴት እንደሚነበብ እንማር፤ ማንበብ የማንችለውን ነገር ልንጠብቀው አንችልምና።

1. ስሙ ምን ይነግረናል?

በቋንቋችን የምንበላበትን ዕቃ የሚጠሩ በርካታ ቃላት አሉ። «ማዕድ» ከግዕዝ የወረስነው ሲሆን፥ ዕቃውንም በዕቃው ላይ የሚቀርበውንም ምግብ በአንድነት ያመለክታል። «ገበታ» ምግብ የሚቀርብበት ሰፊ የእንጨት ዕቃ ነው፤ «ገበታ ቀረበ»፥ «ገበታ ከፍ አለ» ስንል ግን መብላቱን ራሱን ማለታችን ነው። «ሰደቃ» የሚለውም ቃል በቀድሞው አማርኛ የምግብ ጠረጴዛን ያመለክት ነበር። «መሶብ» ደግሞ ከእንጨት ሳይሆን ከሣር የተሰፋ የራሳችን ማዕድ ነው። ዛሬ ሁላችንም የምንጠቀምበት «ጠረጴዛ» ግን ከሩቅ የመጣ ነው። መነሻው «ትራፔዛ» የሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን በዓረብኛ በኩል አልፎ ወደ እኛ ደርሷል።

ቃላቱ የዕቃውን ታሪክ ይገልጣሉ። ገበታና መሶብ ከመሬት ብዙም ከፍ የማይሉ፥ ሰዎች ዙሪያቸውን ከበው ዝቅ ብለው የሚቀመጡባቸው ናቸው። በጉራጌም ቤት ክትፎው በጣባ፥ ቆጮው በኮባ ቅጠል ላይ ይቀርባል እንጂ ረጅም ጠረጴዛ ከጥንት የቤቱ ዕቃ አልነበረም። ረጅሙ ጠረጴዛ ከጽሕፈት ቤት፥ ከትምህርት ቤት፥ ከሆቴልና ከነጋዴ ቤት ጋር የመጣ እንግዳ ነው። እንግዳ በመሆኑም በብዙ ቤት የክብር ሥፍራ ተሰጥቶት፥ የዳንቴል ልብስ ለብሶ ቆይቷል።

2. በቅዱስ መጽሐፍ የተገለጠው ጠረጴዛ

የአንድን ጠረጴዛ አሠራር ዘርዝሮ የሚነግረንን ጽሑፍ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 25 ከቁጥር 23 እስከ 30 ስለ ኅብስቱ ገበታ የተጻፈውን እናንብብ። እንጨቱ ግራር ነው። ርዝመቱ 2 ክንድ፥ ወርዱ 1 ክንድ፥ ቁመቱ 1 ክንድ ተኩል ነው። አንድ ክንድ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር እንደሚሆን ብንገምት፥ ገበታው 90 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፥ 45 ሳንቲ ሜትር ወርድና 67 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ነበረው ማለት ነው። ዛሬ የምንጽፍበት ጠረጴዛ ከፍታው በአብዛኛው 75 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፥ የኅብስቱ ገበታ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ያለና ጠበብ ያለ እንደነበረ እንረዳለን።

ጽሑፉ በዚህ አያበቃም። በዙሪያው የወርቅ ጌጥ አለው፤ እንዲሁም አንድ ጋት የሚሆን ክፈፍ አለው። በአራቱ እግሮች ማዕዘን፥ ከክፈፉ አጠገብ፥ አራት ቀለበቶች ተበጅተዋል፤ መሎጊያዎቹም በእነዚህ ውስጥ ይገባሉ። በሮም ከተማ በቲቶ የድል ቅስት ላይ የኅብስት ገበታ ወታደሮች ተሸክመውት ሲጓዙ በድንጋይ ተቀርጾ እስከ ዛሬ ይታያል።

አስተማሪዎች ይህን ክፍል ሲያስተምሩ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንመክራለን። ጽሑፉ እንጨቱን፥ ልኩን፥ ጠርዙን፥ ክፈፉን፥ እግሩንና መሸከሚያውን በቅደም ተከተል ይናገራል። ማንኛውንም ጠረጴዛ ለማንበብ የሚያስፈልገው ሥርዓት ይኸው ነው። እኛም ከዚህ በታች ይህንኑ እንከተላለን።

3. ከግንድ የተፈለፈለና ከጣውላ የተገጠመ

በአገራችን የእንጨት ሥራ ሁለት መንገዶች አሉት። የመጀመሪያው መፈልፈል ነው። ሠሪው አንድ ግንድ ይወስድና የማያስፈልገውን ክፍል በምሳር፥ በመጥረቢያና በመሮ እየቀነሰ ዕቃውን ከውስጡ ያወጣዋል። ሙቀጫ፥ በርጩማ፥ የእንጨት ትራስና ሰፊው ገበታ በዚህ መንገድ ይሠራሉ። በወልቂጤ በኩል የሚያልፈው አውራ ጎዳና የሚያደርሰን ጅማ በዚህ ጥበብ ስሟ የታወቀ ነው። የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማና ከነመደገፊያው ከአንድ ግንድ የሚወጣው ወንበር ከአገር አልፈው በውጭ ቤተ መዘክሮች ይገኛሉ። የጉራጌ የእንጨት ትራሶችም እንዲሁ ናቸው።

እንዲህ ባለው ሥራ ምስማርም ኮላም የለም። መገጣጠሚያ ስለሌለው የሚላላ ነገር የለውም። እግሮቹ ሦስት የሆኑትም በምክንያት ነው። ሦስት እግር ያለው ዕቃ ወጣ ገባ በሆነ የአፈር ወለል ላይ ሁልጊዜ ይረጋል፤ አራት እግር ያለው ግን ወለሉ እኩል ካልሆነ ይወዛወዛል። በርጩማ ሦስት እግር ያለው ሠሪው አራተኛውን ማውጣት አቅቶት አይደለም፤ የሚቀመጥበትን ወለል ስለሚያውቅ ነው።

ሁለተኛው መንገድ መግጠም ነው። እንጨቱ በመጋዝ ተሰንጥቆ ጣውላ ይሆናል፤ ጣውላውም በመላጊያ ተስተካክሎ እርስ በርሱ ይያያዛል። በደንብ በተሠራ ጠረጴዛ የአንዱ እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ተቀርጾ፥ በሌላው ውስጥ በተፈለፈለው ቀዳዳ ይገባል። አናጢዎች ይህን «ወንዴና ሴቴ» ይሉታል። በዚህ መንገድ ከግንዱ ውፍረት የሚሰፋ ገጽ ማግኘት ይቻላል። ሰፊና ረጅም ጠረጴዛ በአብዛኛው የዚህ ሁለተኛ መንገድ ልጅ ነው።

የቤተ ክርስቲያን የእንጨት ሥራ ሁለቱንም መንገዶች ከጥንት ያውቃል። በላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙት የመካከለኛው ዘመን የእንጨት መናብርት በመስቀልና እርስ በርሱ በተጠላለፈ ሐረግ የተጌጡ ናቸው። በብራና መጻሕፍት ገጽ ላይ በቀለም የሚሣለው ሐረግና በእንጨት ላይ በመሮ የሚወጣው ሐረግ የአንድ ዐይን ውጤቶች ናቸው።

4. የ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ

በቤታችን የምናገኛቸውን የተቀረጹ ጠረጴዛዎች ለመረዳት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የነበረውን ሁኔታ ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ በምትቆረቆርበት ጊዜ ከአገሬው ሠራተኞች ጋር የሕንድ፥ የአርመንና የግሪክ የእጅ ባለሙያዎች ይሠሩ ነበር። ከሕንዶቹ መካከል ሐጂ ቀዋስ በሚል ስም የሚታወቀው ባለሙያ በቤተ መንግሥቱ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ነበር። በዚያ ዘመን ከተሠሩት የመኳንንት ቤቶች በዛሬይቱ አዲስ አበባ የቀሩት ሰፋፊ የእንጨት ሰገነቶችና እንደ ዳንቴል የተበሱ የጣውላ ጌጦች አሏቸው። በሐረር የራምቦ ቤት ተብሎ የሚጠራውና አንድ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ቤትም በእንጨት ቅርጹና በባለ ቀለም መስተዋቱ የታወቀ ነው። በጅማ ጅሬን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ባመዛኙ የእንጨት ጥበብ ነው፤ ከንጉሡ የተቀረጹ ዕቃዎችም በጅማ ቤተ መዘክር የሚታዩ አሉ።

የውጭው ዕቃ በመጀመሪያ ከባሕር ጠረፍ ወደ ሐረርና ወደ ሸዋ የሚጓዘው በግመልና በበቅሎ ነበር። በእንስሳ ጀርባ የሚጫን ጠረጴዛ ታጣፊ ወይም የሚፈታ ቢሆን ይመረጣል። የባቡሩ ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፥ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ ከባድ ዕቃም፥ የብረት መሣሪያም፥ ምስማርና ብሎንም በብዛት መግባት ቻለ። የአገር ውስጥ አናጢም የውጭውን ዕቃ አይቶ በአገር እንጨት መሥራት ተማረ።

በዚያ ዘመን በዓለም ገበያ ይዘዋወሩ የነበሩትን የተቀረጹ ጠረጴዛዎች በአራት ወገን ልንከፍላቸው እንችላለን።

ሀ. የሕንድ፦ በተለይ የካሽሚር የዎልነት እንጨት ጠረጴዛ ገጹ በቅጠልና በአበባ ጥልቅ ቅርጽ የተሞላ ነው። ብዙውን ጊዜ እግሮቹ ተበስተው የተቀረጹ፥ በማጠፊያ የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው።

ለ. የደማስቆና የካይሮ፦ ትንንሽ፥ ስድስት ወይም ስምንት ማዕዘን ያላቸው ናቸው። ሕይወት ያለው ፍጥረት ምስል አይታይባቸውም፤ ከዋክብትና ማዕዘናት በሚያብረቀርቅ የዛጎል ቁራጭ ተለብጠው ይገኛሉ።

ሐ. የበርማ፦ ከቲክ እንጨት የተሠሩ፥ በጣም ጥልቅና ጎልቶ የወጣ ቅርጽ ያላቸው ናቸው።

መ. የአውሮፓ፦ አውሮፓውያን በዚያ ጊዜ የአባቶቻቸውን ዘመን ቅርጽ እንደገና ይሠሩ ነበር። እንደ ገመድ የተገመደ እግር፥ እንደ ቅል ያበጠ እግር፥ የአንበሳ መዳፍ ወይም ኳስ የጨበጠ ጥፍር ያለው እግር የዚህ ምልክቶች ናቸው።

የአገራችን ሠሪ እነዚህን ሁሉ አይቷል፤ ነገር ግን እንዳየው ብቻ አልሠራም። የአንበሳው መዳፍ ለእርሱ የሞዐ አንበሳ ምልክት ሆነ፤ በወይኑ ቅጠል መካከልም መስቀል አስገባ። በዕቃ ቤታችን ያገኘነው ጠረጴዛም በወይኑ ሐረግ መካከል እንዲህ ያለ ትንሽ መስቀል ነበረው።

5. ጠረጴዛውን ክፍል በክፍል ማንበብ

ሀ. ገጹ። በመጀመሪያ ገጹ ስንት ጣውላ እንደሆነ እንቁጠር። ቀጥሎ ገልብጠን ጀርባውን እንይ። በእጅ መጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ ቀጥ ያሉ፥ ነገር ግን እኩል ያልሆኑ ጭረቶች አሉት። በክብ የሞተር መጋዝ የተሰነጠቀ ግን እንደ ቀስት የጎበጡ ጭረቶች ይታዩበታል። የእጅ መላጊያ ደግሞ በመዳፍ ሲዳሰስ የሚታወቅ ለስላሳ ማዕበል ይተዋል። አረጋዊው እንጨት ሠሪ በመዳፋቸው የፈለጉት ይህንን ነበር።

ክብ ጠረጴዛ ከሆነ በሜትር እንለካው። እንጨት ሲደርቅ በርዝመቱ በኩል እምብዛም አያጥርም፤ በወርዱ በኩል ግን ይጠባል። ስለዚህ ከብዙ ዓመታት በፊት ክብ ሆኖ የተሠራ ገጽ በእንጨቱ ጅማት አቅጣጫ ሲለካና በተሻጋሪው ሲለካ ልኩ ጥቂት ይለያያል። በሁለቱም አቅጣጫ ፍጹም እኩል የሆነ «ጥንታዊ» ጠረጴዛ ቢቀርብልን ቆም ብለን መጠየቅ ይገባናል።

ለ. ጠርዙ። ጠርዝ ብዙ ጊዜ የሚነካና የሚጋጭ ክፍል ስለሆነ እውነተኛ እርጅና የሚታየው እዚያ ነው። ሰዎች እጃቸውን በሚያሳርፉበት ቦታ ቅርጹ ይለሰልሳል፤ እጅ በማይደርስበት ቦታ ግን ስለታም ሆኖ ይቆያል። በሁሉም ቦታ እኩል የተፋቀ ጠርዝ የዕድሜ ሳይሆን የብርጭቆ ወረቀት ሥራ ነው፤ ወይም እንደ እኛ የመስተዋት ስባሪ።

ሐ. መታጠቂያው። ከገጹ ሥር እግሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ጣውላ በዚህ ጽሑፍ መታጠቂያ እንለዋለን። ጠረጴዛው እንዳይወላገድ የሚያደርገው እርሱ ነው፤ ከፊት ለፊት ስለሚታይም ሠሪው ጥበቡን የሚያሳይበት ሥፍራ ነው። ቅርጽ በሦስት መንገድ ይወጣል፤ ወደ ውስጥ የተጫረ፥ መሬቱ ዝቅ ተደርጎ ምስሉ ጎልቶ የወጣ፥ እንዲሁም ጣውላውን በስቶ ያለፈ። በመጀመሪያው በኩል የሦስት ማዕዘን ጭረቶችንና በኮምፓስ የተሣሉ ክቦችን፥ በተለይ ባለ ስድስት ቅጠሉን አበባ እናገኛለን። ስድስቱ ቅጠሎች የሚወጡት ኮምፓሱን ሳያሰፉና ሳያጠቡ ክቡን ስድስት ጊዜ በመዞር ነው። ልጆች በወረቀት ላይ እንዲሞክሩት ቢደረግ ይደሰታሉ።

በእጅ የተቀረጸ ሐረግ ሁለት ቅጠሎቹ ፍጹም አንድ ዓይነት አይሆኑም። ቅጠሎቹ ሁሉ መንታ ከሆኑ የመኪና ሥራ ነው ብለን ልንጠረጥር እንችላለን።

መ. እግሩ። ክብና የተለያየ ውፍረት ያለው እግር በቶርኖ የወጣ ነው፤ በዙሪያው ቀጫጭን የቀለበት ጭረቶች ይኖሩታል። በመጥረቢያና በመሮ የወጣ እግር ግን ትንንሽ ጠፍጣፋ ገጾች አሉት። በአንድ ጠረጴዛ ላይ የቶርኖ እግርና የእጅ ቅርጽ አብረው መገኘታቸው አያስደንቅም፤ አረጋዊው እንዳሉት ሁለት ሰዎች ተካፍለው ሠርተውታል ማለት ነው።

ሠ. መጋጠሚያውና ብረቱ። በእንጨት ሾል የተያያዘ መጋጠሚያ ጥሩ ምልክት ነው። ብሎን ካለ ራሱን እንይ። ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው ብሎን የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ወዲህ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ብሎን የተገኘበት ጠረጴዛ ወይ ከዚያ በኋላ ተሠርቷል፥ ወይ ከዚያ በኋላ ተጠግኗል። ቺፑድ ከተገኘበት ደግሞ ቢያንስ ያ ክፍል የቅርብ ጊዜ ነው።

ረ. እንጨቱ። ዋንዛ ቡናማ፥ ለመቅረጽ የሚመች እንጨት ስለሆነ በአገራችን የቤት ዕቃ ሥራ ቀዳሚ ነው። ጥድ ሽታው የሚታወቅ፥ በቀላሉ የሚሰነጠቅ ነው። ዝግባ ነጣ ያለና ቀጥ ያለ ጅማት ያለው ነው፤ ለጣውላ ይመረጣል። ኮሶ ቀላ ይላል። ወይራ ከባድና ጠንካራ ስለሆነ ለትንንሽ ክፍሎች ይውላል። ገጹ ዋንዛ ሆኖ አንዱ እግር ባሕር ዛፍ ከሆነ፥ ያ እግር በኋላ የተተካ መሆኑን ያለ ምስክር እናውቃለን።

6. የሠራው እጅ

አሁን ከበሩ ውጭ ወደ ተቀመጡት አረጋዊ እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብ መጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ተመራማሪ ዊልያም ሻክ፥ በአገራችን እንጨት ሠሪው፥ ብረት ቀጥቃጩና ቆዳ ፋቂው ከገበሬው ተለይተው፥ በማኅበራዊው ኑሮ ዝቅ ተደርገው ይኖሩ እንደነበር ጽፏል። ይህ በጉራጌ ብቻ የነበረ ነገር አይደለም፤ በሰሜንም በደቡብም የእጅ ሥራ ያለው ሰው በስድብ ስም ሲጠራ ኖሯል። የሚያስገርመው ግን የጎጆውን ምሰሶ የሚያቆመው፥ ሙቀጫውንና በርጩማውን የሚሠራው ይኸው ሰው መሆኑ ነው። ሚስቱ የሠራችው ጣባ በማዕዱ መካከል ይቀመጣል፤ እርሷና እርሱ ግን ለማዕዱ አይጠሩም ነበር።

ውድ ምእመናን፥ ወንጌላዊው ማርቆስ በምዕራፍ 6 ቁጥር 3 የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን በምን ሥራ እንዳወቁት ይነግረናል፤ ጸራቢ ብለው ነው። ንግግራቸው የአድናቆት አልነበረም፤ ተሰናክለውበት ነበርና። ታዲያ እኛ በጸራቢው ስም እየተሰበሰብን ጸራቢውን ከበር ውጭ ብናስቀምጥ ምን እንባላለን?

ዛሬ ብዙ ነገር ተለውጧል። አናጢነት በትምህርት ቤት የሚሰጥ ሙያ ሆኗል፤ የቤት ዕቃ ሠርተው የከበሩ ሰዎችም ጥቂት አይደሉም። ነገር ግን የቡናው ስኒ ለየት ብሎ የሚቀመጥበት፥ ለጋብቻ ሲጠየቅ ዘር የሚቆጠርበት ቤት ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አንችልም። በዚያች የጸሎት ቤት የነበርነው ሰዎች ሁላችንም ጥምቀት የተቀበልን ነበርን። አረጋዊው በሚቀጥለው ሳምንት የተጠገነውን እግር ይዘው ሲመጡ፥ ከመካከላችን አንዲት እናት ተነሥተው «አባባ፥ ዛሬ ከውስጥ ነው» ብለው ክንዳቸውን ይዘው አስገቧቸው። ቡናውም የቀረበው በዚያው በተጠገነው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እኔ ግን ያን ቃል እኔ ባለመናገሬ እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

7. ጥንቃቄና ጥገና

በየቁምስናውና በየቤቱ ያሉ አሮጌ የእንጨት ሥራዎች እንዳይጠፉ የሚከተሉትን ማድረግ ይገባል።

1ኛ. አሮጌ ቅርጽ ላይ የዘይት ቀለም ወይም አዲስ ቫርኒሽ አንቀባ። የተቀባም ቢሆን በመስተዋት፥ በቢላዋ ወይም በብርጭቆ ወረቀት አንፋቀው። ባለሙያ እስኪገኝ ድረስ እንዳለ ቢቆይ ይሻላል። ቀለም ሊነሣ ይችላል፤ የተፋቀ እንጨት ግን አይመለስም።

2ኛ. በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ እንወልውለው እንጂ በውኃ አንጠበው። አልፎ አልፎ ጥቂት ንጹሕ ሰም መቀባት ይበቃዋል።

3ኛ. ከቀጥተኛ ፀሐይ፥ ከምድጃ አጠገብና እርጥበት ካለው ግድግዳ እናርቀው። እንጨት የሚሰነጠቀው እርጥበቱ በድንገት ሲለዋወጥበት ነው። በአፈር ወለል ላይ የሚቆም ከሆነ ምስጥ እንዳይደርስበት እግሮቹን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ እናቁማቸው።

4ኛ. የተሰበረውን ቁራጭ ትንሽ ቢሆንም አንጣለው፤ በከረጢት አድርገን ከጠረጴዛው ጋር እናስቀምጠው። ለጥገና ተመሳሳይ እንጨት እንጠቀም። ምስማር አንምታበት፤ እንጨቱን ይሰነጥቃል፥ ሲዝግም ያጠቁረዋል።

5ኛ. ዕቃውን እንመዝግብ። ልኩን፥ እንጨቱን፥ የቅርጹን ዓይነት፥ ማን እንደሰጠውና ማን እንደሠራው የሚታወስ ከሆነ ስሙን ጽፈን፥ ከፎቶግራፍ ጋር በቁምስናው መዝገብ እናኑር። የሰጪው ስም በብዙ መዝገብ አለ፤ የሠሪው ስም ግን ብዙ ጊዜ የለም።

6ኛ. መንገደኛ ገዢ ሲመጣ አንቸኩል። ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ አንዳች ነገር ያለ ኃላፊዎች ፈቃድ አይሸጥም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል።

7ኛ. እሳትን እንጠንቀቅ። እ.ኤ.አ. በ1907 የተከፈተው የአዲስ አበባው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በደረሰበት ቃጠሎ ከፊሉ ወድሟል። የመቶ ዓመት እንጨት የአንድ ሻማ ቸልተኝነት ይበቃዋል።

8ኛ. ዛፉን እንትከል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፥ ዝግባ፥ ዋንዛና ጥድ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ መከልከሉ ምን ያህል እየተመናመኑ እንደነበር ያሳያል። ዋንዛ ለቡና ጥላ ይሆናል። በየጸሎት ቤቱ ግቢ ጥቂት ዋንዛ ብንተክል፥ የልጆቻችን ልጆች ገበታ የሚያወጡበት ግንድ ያገኛሉ።

ማጠቃለያ

አሮጌ የተቀረጸ ጠረጴዛ ገጹ፥ ጠርዙ፥ መታጠቂያው፥ እግሩ፥ መጋጠሚያውና እንጨቱ እያንዳንዳቸው የሚናገሩት አላቸው። የመጣበትን መንገድ፥ የተሠራበትን መሣሪያ፥ የደረሰበትን ጉዳትና የተደረገለትን ጥገና ይነግሩናል። ከሁሉም በላይ የሠራውን ሰው ያስታውሱናል። ጠረጴዛውን አክብሮ ሠሪውን መናቅ ማንበብን በግማሽ መተው ነው። ለዛሬው በዚህ ይብቃን።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቤታችሁ ወይም በቁምስናችሁ ያለ አንድ አሮጌ የእንጨት ዕቃ ምረጡ። በክፍል 5 በተሰጠው ቅደም ተከተል መሠረት አንብቡትና ያገኛችሁትን ጻፉ።

2. በርጩማ ለምን ሦስት እግር ኖረው? ከአካባቢያችሁ የእጅ ሥራዎች መካከል ቅርጹ በምክንያት የተሠራ ሌላ ዕቃ አምጥታችሁ አስረዱ።

3. ዘጸአት ምዕራፍ 25 ከቁጥር 23 እስከ 30 ያለውን አንብቡ። የኅብስቱን ገበታ በልኩ መሠረት በወረቀት ላይ ሣሉ።

4. በአካባቢያችሁ በእጅ ሥራቸው ምክንያት ከማዕድ የሚለዩ ወይም በስድብ ስም የሚጠሩ ሰዎች አሉን? ቁምስናችሁ በዚህ ረገድ በዚህ ዓመት ሊያደርገው የሚችለው አንድ ነገር ምንድን ነው?

5. ከአካባቢያችሁ አንድ እንጨት ሠሪ ጋብዛችሁ ስለ ሙያው እንዲያስተምራችሁ አድርጉ። የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።